ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን፦ ፋይበሬ ጠዋት ይጠፋል፣ ማታ ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?

ጽሕፈት_ጠባሴ · ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር። ሰው የሚመጣው ሲቪ ለማስጻፍ፣ ኦንላይን ፎርም ለማስሞላትና ሰነድ ስካን አድርጎ ለመላክ ነው። ፋይበር (በቀጭን የብርጭቆ ክር የሚመጣ ኢንተርኔት) ካስገባሁ አራት ወር አለፈኝ። ከዚያ በፊት በሞባይል ዳታ ነበር የምሠራው፤ የካርዱ ወጪ አላላውስ ብሎኝ ነበር። ፋይበሩ የገባ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይቋረጣል። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ልትልክ መጣች። የመጨረሻው ቀን ነው። ከአንጎለላ መጥታ ዘመድ ቤት አድራ፣ እኔ ሱቅ ሳልከፍት በር ላይ ቆማ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀመርን። ትራንስክሪፕቷን ስካን አደረግኩ፣ ፎርሙን ሞላን፣ ሰነዶቹን ጫንን። «ላክ» የሚለውን ስነካ ነጭ ገጽ ብቻ። ዞር ብዬ ሳይ ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ልጅቷ ምንም አላለችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ዝም አለች። በስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሞላን፤ ተመስገን፣ ሄደላት። እኔ ግን ያንን ዝምታዋን እስካሁን አልረሳሁትም።

ባለሙያ ሁለት ጊዜ መጥቶልኛል። ሁለቱንም ጊዜ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ይሠራል። አጥፍቶ አበራውና «ደህና ነው» ብሎኝ ሄደ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ከዚህ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እባካችሁ።

---

ዳታ_ብቻ · ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:41

ወንድሜ ለምን ራስህን ታደክማለህ? 4ጂ ራውተር ገዝተህ ግባ። እኔ ሁለት ዓመቴ ነው። ሽቦም የለ፣ ምንም የለ።

---

ጽሕፈት_ጠባሴ · ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:50

እህትህ ነኝ። 4ጂውን ሞክሬዋለሁ። ቀን ቀን ደህና ነው። በገበያ ቀን ከተማው ሲሞላ ግን ትልልቅ ፋይል አይሄድልኝም። ቅዳሜ ደግሞ ዋናው የሥራ ቀኔ ነው።

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4:35

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለዚያች ልጅ እስኪላክላት በመቆምሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

እኔ ለብዙ ዓመት የፋይበር ብየዳ ሠርቻለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ያላደርኩበት ከተማ የለም። ካየሁት ነገር ልንገርሽ። ሰው ሁሉ «ኢንተርኔት ተቋረጠ» ይላል። ይህ አንድ ቃል ቢያንስ አራት የተለያየ በሽታ ይሸፍናል። በሽታው ካልተለየ ባለሙያው አጥፍቶ ከማብራት ሌላ አማራጭ የለውም። አንቺ የጻፍሽው ራሱ ሁለት በሽታ ነው፤ የጠዋቱ ሌላ፣ የማታው ሌላ።

ከጠዋቱ እንጀምር። ቀዩ መብራት አጠገቡ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉ ፊደላት ካሉት ብርሃኑ ወደ ሞደምሽ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። የድረ ገጹ ችግር አይደለም፣ የክፍያም አይደለም። ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል እስከ ሱቅሽ ባለው የብርጭቆ ክር ላይ የሆነ ቦታ ብርሃን ይፈሳል።

ሦስት ነገር አድርጊልኝ።

የሞደሙን ገጽ በብራውዘር ክፈቺ። አድራሻውና የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። እዚያ ውስጥ የሚደርሰው የብርሃን መጠን በዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው) ተጽፏል፤ ኔጌቲቭ ቁጥር ነው፣ ከዜሮ በራቀ መጠን ብርሃኑ ደክሟል ማለት ነው። አንዱን ከሰዓት፣ አንዱን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መዝግቢ።

ቀይ ሲበራ ጎረቤት ያለውን የፋይበር ተጠቃሚ ጠይቂ። የሱም ጠፍቷል?

ሦስተኛው፣ ክሩን ነቅለሽ ጫፉን በዓይንሽ እንዳታዪ። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ግን አለ።

---

መምህርት_ደብረሲና · ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2:10

ጋሼ፣ ይቅርታ እዚሁ ላይ ልጠይቅ። እኛ ጋ ሲጠፋ የአንድ ሰው አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ነው። ባንክ «ሲስተም የለም» ይላል፣ ትምህርት ቤት ይቆማል። ታች ያሉትም አብረው እንደጠፋባቸው እሰማለሁ። ለምንድን ነው አንድ ቦታ ሲቆረጥ ሁሉም የሚጠፋው?

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1:05

መምህርት፣ ይህ ሦስተኛው በሽታ ነው። የዋናው መስመር መቆረጥ።

ከደብረ ብርሃን ወደ እናንተ የሚወርደውን ቦታ ያውቁታል። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ዝቅ ይባላል። መንገዱ አንድ፣ ገደሉም አንድ ነው። በክረምት መሬቱ ይንሸራተታል። በበጋ ደግሞ መንገድ ጥገና አለ፤ የኤክስካቫተሩ ሹፌር ከሥሩ ምን እንዳለ አይነገረውም። ኬብል ሲቀበር ከላዩ ቀለም ያለው የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይዘረጋል። ያንን ፕላስቲክ ቆፍሮ ያገኘ ሰው ቢቆም ኖሮ የስንቱ ሌሊት በተረፈ ነበር። መዳብ መስሏቸው የሚቆርጡም አጋጥመውኛል። ውስጡ ብርጭቆና ፕላስቲክ ነው፤ የሚሸጥ ነገር የለውም። ይህን በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ብንናገር ትልቅ ነገር ነው።

መድኃኒቱ ቀለበት ነው። አንድ ከተማ በሁለት በተለያየ አቅጣጫ ከዋናው ጋር ይገናኛል፤ አንዱ ሲቆረጥ መሣሪያው ራሱ ዓይን እስኪርገበገብ ባለ ጊዜ ወደ ሌላው ያዞረዋል። ተጠቃሚው አያውቅም። ግን ቀለበት የሚባለው ሁለቱ መስመር እውነት በተለያየ መንገድ ሲሄድ ነው። ሁለት ኬብል በአንድ ቦይ ውስጥ ከቀበርክ አንድ አካፋ ሁለቱንም ይበጥሳል።

---

የመንዝ_ልጅ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1:48

መሐል ሜዳ ነኝ። እኛ ሰፈር ቤት ለቤት ፋይበር አልገባም። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ፋይበር ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ አላመንኩም። ኤሌክትሪኩ አያቃጥለውም?

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:30

እውነት ነው። በትልቁ የብረት ማማ አናት ላይ፣ ከሁሉም በላይ የምታያት ቀጭን ሽቦ አለች። ሥራዋ መብረቅ መከላከል ነው። በመሃሏ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ የፋይበር ክሮች ይሄዳሉ። ብርሃን ኤሌክትሪክ አይደለም፤ አጠገቡ ብዙ ሺህ ቮልት ቢያልፍ አይረበሽም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤትም ይህን ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል። ለቀለበት ሁለተኛ መንገድ የሚሆነው አንዱ ይህ ነው። ኤክስካቫተር እዚያ አይደርስም።

የክሩ ብርጭቆ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ደግሞ አስብ። ቻርለስ ካኦ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1966 «ብርጭቆው ይጥራ እንጂ ብርሃን በሩቅ መልእክት ይሸከማል» ብሎ አስረዳ። የዚያን ጊዜው ብርጭቆ ብርሃኑን ጥቂት ሜትር ላይ ነበር የሚውጠው። ዛሬ 15 ኪሎ ሜትር ሄዶ ገና ግማሹ ይቀራል። ካኦ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃለኛው ክፍል ውፍረቱ 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ የራስህን አንድ ፀጉር ብትሰነጥቀው ብዙ ቦታ ይወጣዋል። እኔ ያንን በብርድ ሌሊት፣ ድንኳን ውስጥ ጋቢ ለብሼ ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እበይደው ነበር። እጅ ከተንቀጠቀጠ ይበላሻል።

ለሰፈራችሁ ተስፋ የሚሆን ነገርም አለ። ፋይበርን ወደ ቤት ለማድረስ በብዛት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው አሠራር ከማዕከሉ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ይደርሳል፤ በመሃል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ምንም ነገር የለም። አንዱን ክር ለብዙ ቤት የሚያካፍለው ስፕሊተር ራሱ ብርጭቆ ብቻ ነው። ለእንደ መንዝ ያለ ድንጋያማ አገር መቆፈሩ ነው ውዱ፤ በምሰሶ ላይ መዘርጋት ይቀላል። ከወረዳው ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ስንት ቀበሌ፣ ስንት ጤና ጣቢያ እንዳለ አንተ ትቆጥረዋለህ።

---

ጽሕፈት_ጠባሴ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 1:15

ጋሼ፣ መዘገብኩ። ትላንት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ −25.9። ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ −27.7። ከዚያ ቀይ በራ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ 1 ሰዓት አካባቢ ተመለሰ። ከጎኔ ያለው የእህል ነጋዴ በዚያው መስመር ነው፤ የሱ አልጠፋም።

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6:40

ጎሽ! አሁን በሽታው ታወቀ።

ሞደሙ በአብዛኛው እስከ −27 ድረስ ያነባል። ይህ ማለት ከአንድ ሚሊዋት ከ500 እጅ አንዱ ነው። ከዚያ ከወረደ ይታወራል። አንቺ ከሰዓትም ጠርዝ ላይ ነሽ፤ ውርጭ ሲመጣ ትወድቂያለሽ።

ስንት መሆን ነበረበት? ማዕከሉ ወደ 3 ዲቢኤም ይልካል እንበል። ለ32 ቤት የሚያካፍል ስፕሊተር 17 ዲቢ ገደማ ይበላል። አራት አምስት ኪሎ ሜትር ክር አንድ ተኩል ይበላል። ማገናኛዎቹ ሁለት። ቢበዛ −18፣ −20 ላይ መሆን ነበረብሽ። ስድስት ዲቢ ጠፍቷል። በየ3 ዲቢው ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሚገባሽ ሩቡ ብቻ ነው የሚደርስሽ።

ብርዱ ለምን? ብርጭቆው ብርድ ብዙ አይጎዳውም። ሽፋኑ ፕላስቲክ ግን በብርድ ይኮማተራል። ክሩ የሆነ ቦታ በጣም ታጥፎ ወይም ተጨንቆ ከሆነ ያን ጊዜ ይብስበታል፤ ብርሃኑ በእጥፋቱ ላይ ይወጣል። የጎረቤትሽ ስላልጠፋ ችግሩ ከስፕሊተሩ ወዲህ ነው። ወደ ሱቅሽ በገባው ቀጭን መስመር ላይ፣ ምናልባትም ግድግዳሽ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ።

ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውዪ «ተቋረጠ» አትበዪ። «ከሰዓት −25.9፣ ጠዋት −27.7 ነው፤ ጎረቤቴ ደህና ነው፤ ፓወር ሜትር (የብርሃን መለኪያ) የያዘ ሰው በጠዋት ላኩልኝ» በዪ። የአቤቱታ ቁጥር ተቀበዪና ጻፊው።

---

ዳታ_ብቻ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8:02

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ ስለጻፍኩ ይቅርታ። የማታው መንቀራፈፍስ?

---

ኮምፒውተር_ጥገና_08 · ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2:15

የማታውን እኔ ልሞክር። ዋይፋዩን አጥፊና ኮምፒውተርሽን በኬብል ከሞደሙ ጋር ቀጥታ አገናኝተሽ ለኪው። የኛ ከተማ ድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይ ነው፤ የዋይፋይ ሞገድ ድንጋይ አይወድም። ብዙ ሰው ፋይበሩን ይወቅሳል፣ ችግሩ ግን ከሞደሙ እስከ ወንበሩ ባለው አምስት ሜትር ላይ ነው።

በሞደሙ ገጽ ላይ ደግሞ ስንት መሣሪያ እንደተገናኘ እዪ።

---

ጽሕፈት_ጠባሴ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3:30

የገዛሁት 10 ሜጋ ቢት ነው። በኬብል ለካሁት። ጠዋት 9.4። ማታ 2 ሰዓት ላይ 1.8።

የተገናኙትን ስቆጥር ደግሞ 13 መሣሪያ! የኔ አራት ብቻ ነው። በአንድ ወቅት ለጎረቤት ልጅ የይለፍ ቃሉን ሰጥቼው ነበር፣ ለትምህርቱ ብዬ። ከሱ ወደ ጓደኞቹ ሄዷል። አልተቆጣሁም፤ ልጆች ናቸው። ቃሉን ቀየርኩና ልጁን ጠርቼ ከፈለገ እኔ ጋ ተቀምጦ እንዲሠራ ነገርኩት። ዛሬ ማታ 5.9 ደረሰ። አሁንም ግን ሙሉ አይደለም።

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4:10

ጥሩ አድርገሻል። የቀረው አራተኛው በሽታ ነው፤ መጨናነቅ።

ሰው «ስፕሊተሩ ለ32 ቤት ስለሚካፈል ነው» ይላል። እንቁጠረው። ጂፖን ወደ ታች በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ያወርዳል። ለ32 ብናካፍለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 78 ሜጋ ይደርሳል። አንቺ የገዛሽው 10 ነው። ስለዚህ ሰፈርሽ ውስጥ አይደለም የጠበበው። ከማዕከሉ በላይ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ወይም ከአገር በሚወጣው መስመር ላይ። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ነው ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምንገናኘው። ማታ ሁሉም ቪዲዮ ሲከፍት እዚያ ይጨናነቃል።

ለማረጋገጥ ማታ ላይ ፒንግ አድርጊ፤ ማለትም ትንሽ መልእክት ልከሽ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ለኪ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። መሣሪያዎቹ የሚጨምሩትን ብንደምር እንኳ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው። አዲስ አበባ ያለ ነገር ማታ 90 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀብሽ ያ ርቀት አይደለም፤ ሰልፍ ነው። ይህን ማስተካከል ያለበት አገልግሎት ሰጪው ነው፤ አንቺ ማድረግ የምትችዪው መመዝገብ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። ለሁለት ሳምንት።

---

ሕግ_ተማሪ · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3:00

ምዝገባው ዋጋ አለው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የአገልግሎት ጥራትንና የተጠቃሚ መብትን ይመለከታል። መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው አመልክታችሁ መፍትሔ ካጣችሁ ነው ወደዚያ የሚኬደው። ስለዚህ የአቤቱታ ቁጥራችሁን አትጣሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከሚያመለክት አሥር ሱቅ በአንድ ወረቀት ቢያመለክት ይሻላል።

---

መምህርት_ደብረሲና · ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1:20

መብራት ሲጠፋስ? እኛ ጋ ግማሹ መቋረጥ ከመብራቱ ጋር ነው።

---

ኮምፒውተር_ጥገና_08 · ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1:55

መምህርት፣ ጋሼ እንዳሉት በመሃል መንገድ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር የለም። ማዕከሉ ባትሪና ጄነሬተር ካለው መስመሩ ሕያው ነው። የሚጠፋው እርስዎ ቤት ያለው ሞደም ብቻ ነው። ሞደሙ ደግሞ ትንሽ ነው የሚጠጣው፤ ከነ ራውተሩ 15 ዋት አካባቢ። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ያላት ትንሽ ዩፒኤስ አራት ሰዓት ገደማ ታቆየዋለች። ኮምፒውተሩን አይሰኩባት፤ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው። የሞደሙን ቮልት ግን ከሥሩ አንብበው ይግዙ፤ 12 ያልሆነም አለ።

---

ጽሕፈት_ጠባሴ · ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 4:25

ተገኘ!

ቁጥሮቹን በስልክ ስነግራቸው ሰውየው ዝም አለና «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ ፓወር ሜትር ይዞ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ውጭ ምሰሶው ላይ ለካ፤ −19.6። ውስጥ ሳጥኗ ጋ ለካ፤ −26.8። «እዚሁ ነው» አለና ሳጥኗን ከፈተ። ክሩ ውስጥ እንደ ለስላሳ ቆርኪ ጠብቦ ተጠምጥሟል፤ ክዳኑ ደግሞ ከላይ ተጭኖታል። በዚያ ላይ ማገናኛው አረንጓዴ፣ የተሰካው ጫፍ ግን ሰማያዊ ነበር። አረንጓዴው ጫፉ ሰያፍ፣ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው አለኝ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት በደንብ አይነካኩም። እዚያው ቆርጦ በአረንጓዴ ተካው። ክሩን ሰፋ አድርጎ ጠመጠመው። አልኮል በነካ ጨርቅ ጫፉን ጠርጎ ሰካ። −20.2። እናቴ ቁርስ ሳይበላ አይሄድም ብላ ገንፎ አቀረበችለት።

ለማታው፣ ከአጠገቤ ካሉ ስድስት ሱቆች ጋር ተነጋግረን ሁላችንም መመዝገብ ጀምረናል። የእህል ነጋዴው እንኳ በደብተሩ ጀርባ ይጽፋል።

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 17፣ ከቀኑ 7:10

ሰማያዊና አረንጓዴውን እኔም ከዚህ ሆኜ መገመት ነበረብኝ። ያ ወጣት ይባረክ።

በታኅሣሥ ውርጩ ይብሳል። በጠዋት 12 ሰዓት አንድ ቀን ለኪና እዚህ ጻፊልኝ።

---

የመንዝ_ልጅ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2:00

ጋሼ፣ ቆጠርኩት። ከመሐል ሜዳ ዙሪያ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ እኔ የማውቃቸውን ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በወረቀት አውጥቻለሁ። ካርታ ላይ ላስቀምጠው እፈልጋለሁ። ርቀቱን ቀጥታ ነው ወይስ በመንገዱ የምለካው?

---

ስፕላይሰር_ነበርኩ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2:25

በመንገዱ። ኬብል እንደ አሞራ አይበርም። ከዚያ ላይ ለመጠባበቂያ የሚጠቀለል ስለሚኖር ከመቶ አሥር እጅ ጨምርበት። ስትጨርስ ለኔ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

---

ጽሕፈት_ጠባሴ · ታኅሣሥ 6፣ ከጠዋቱ 12:10

−20.6። ሣሩ ነጭ ነው፣ እጄ ደንዝዟል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው።